ስለ ሐዘንና ስለ ረኀብ መድኃኒት፤ ከጫት ቅጠል እስከ ድርብ ክኒን

በሀገራችን የተጻፉት ጥንታውያን መዛግብት ጫትን መጀመሪያ የሚያነሡት ስለ ሕክምና ወይም ስለ እርሻ ሲናገሩ ሳይሆን ስለ ጦርነት ሲናገሩ ነው። የዐፄ ዐምደ ጽዮንን ዘመቻ የሚተርከው የግዕዝ ዜና መዋዕል፥ የይፋቱ ገዥ ሰብረዲን በንጉሡ ላይ በተነሣ ጊዜ የፎከረውን ሲመዘግብ፥ የንጉሡን መናገሻ መርዓዴን ይዞ እስላሞች የሚወዱትን ጫት ሊተክልባት መዛቱን ይነግረናል። ይህ የሆነው በ14ኛው መቶ ዓመት የመጀመሪያ አጋማሽ ሲሆን፥ ዘመኑን የቈጠርሁት እንደ አውሮፓውያን ነው፤ ከዚህ በታች የሚመጡትም ዓመታት ሁሉ በዚያው አቈጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል። የዕፁ ስም ወደ መጽሐፍ የገባው እንዲህ የሃይማኖት ወሰን ምልክት ሆኖ ስለ ነበረ፥ በዐባይ ዙሪያ የሚኖረው ክርስቲያን ገበሬ ለብዙ መቶ ዓመታት ጫትን የሌላ ወገን ነገር አድርጎ ሲያየው ኖሯል፤ ይህ አስተያየት በምን መንገድ ዞሮ በዛሬው የፍኖተ ሰላምና የቡሬ ሕመምተኛ ላይ ጉዳት እንዳመጣ ለማስረዳት ነገሩን ከሥሩ ጀምሮ በየዘመኑ መከተል ያስፈልጋል።

በቀድሞው ዘመን የጎጃም ሰው ረኀብን በፈቃዱ የሚሸከመው በጾም ብቻ ነበረ። ሥርዐተ ቤተ ክርስቲያን ለሕዝባዊው በዓመት እስከ 180 ቀን፥ ለካህኑና ለመነኩሴው ደግሞ እስከ 250 ቀን ገደማ የሚደርስ ጾም ስለ ደነገገ፥ ሆድን ባዶ አድርጎ መዋል ለእርሱ እንግዳ ነገር አልነበረም፤ ነገር ግን ያ ረኀብ ነፍስን ለማንጻት እንጂ ገላን ለማቅጠን የታሰበ ስላልነበረ፥ ሥጋ የለበሰና ፊቱ የወዛ ሰው ሲሳይ የበዛለት ተብሎ ይመረቅ ነበረ እንጂ ክብደትህን ቀንስ የሚለው አልነበረም። ሐዘንም ቢሆን የሚታከመው በማብላት ነበረ፤ ሰው ሞቶበት እህል አልቀምስ ያለውን ሐዘንተኛ ጎረቤቱ እዝን ተሸክሞ መጥቶ፥ ከፊቱ ተቀምጦ፥ እየለመነና እየተቈጣ ሲያጐርሰው፥ ትካዜና ረኀብ በአንድ ማደሪያ የሚያድሩ መሆናቸውን ማንም ሳያስተምረው ያውቅ ነበረ። ትካዜው ሲጸና ጠበልና ጸሎት ይታዘዛል። አእምሮን በዕፅ ማነሣሣትም ፈጽሞ ያልታወቀ አልነበረም፤ ጎንጅንና ዋሸራን የመሳሰሉ የቅኔ ጉባኤ ቤቶች ባሉበት አገር፥ አብሾ የሚባለውን፥ ትምህርት ቶሎ እንዲገባው ተማሪው ይጠጣዋል የሚባለውን መድኃኒት ዝና ያልሰማ ሰው አይገኝም፤ መጠኑ ያለፈ እንደ ሆነም ጠጪውን ከአእምሮው እንደሚያወጣው አብሮ ይነገራል። ልብን የሚያበራ ዕፅ ልብን ሊያጠፋም ይችላል የሚለውን ይህን የአባቶች ጥንቃቄ፥ በኋላ ስለ አውሮፓና ስለ አሜሪካ ቀማሚዎች ስንናገር እናስታውሰው ዘንድ እዚህ ላይ አኑሬዋለሁ።

የጫትን ሳይንሳዊ ስም ለዓለም የሰጠው የሊኔየስ ደቀ መዝሙር የነበረው ፔር ፎርስኮል ነው። የዴንማርክ ንጉሥ ወደ ዐረብ አገር ከላካቸው ሊቃውንት አንዱ የነበረው ይህ ሰው ዕፅዋትን ሲሰበስብ በየመን ታምሞ በ1763 ያሪም በምትባል ከተማ ስለ ሞተ፥ ማስታወሻውን አዘጋጅቶ በ1775 ያሳተመለት ከጓደኞቹ በሕይወት የተረፈው ካርስተን ኒቡር ነበረ። በእነዚሁ ዓመታት መካከል፥ በ1770፥ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ የዐባይን ምንጭ ፍለጋ ጎጃምን አቋርጦ፥ ዛሬ በምዕራብ ጎጃም ዞን ከሚገኘው ከሰከላ፥ ከግሽ ዐባይ ደረሰ። ብሩስ ስለ ኮሶ ዛፍ በሰፊው ጽፏል፤ ያን ጊዜ አውሮፓ ከኢትዮጵያ ዕፅዋት ትፈልገው የነበረው የሆድ ትልን የሚያስወጣውን እንጂ ረኀብን የሚያስረሳውን አልነበረም።

ከዚያ በኋላ አንድ መቶ ዓመት ያህል አልፎ 1887 ደረሰ፤ ይህንም ዓመት ሳስብ ሁልጊዜ እገረማለሁ። በዚያ ዓመት ፍሉኪገርና ጌሮክ የሚባሉ ሁለት ሊቃውንት ከጫት ቅጠል ውስጥ አንድ ንጥረ ነገር ለይተው ካቲን ብለው ሰየሙት፤ በዚያው ዓመት በበርሊን ላዛር ኤዴሌያኑ የሚባል የሩማንያ ተወላጅ ኬሚስት፥ ስለ ጫት ምንም ሳያስብ፥ በኋላ አምፌታሚን የተባለውን ንጥረ ነገር በብልቃጥ ሠራ፤ የሁለቱም ሥራ እርስ በርሱ ዘመድ መሆኑን ማንም አላወቀም። ደግሞም በዚያው ዓመት ከባሕር ማዶ ከመጡ ከብቶች ጋራ ወደ ምፅዋ የገባው የከብት ደስታ በሽታ ወደ ደጋው ወጥቶ የኢትዮጵያን በሬ ፈጀ። በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ግዛት በጎጃምም ሳይቀር፥ ጥማዱ የሞተበት ገበሬ መሬቱን ጦም አሳድሮ፥ ከ1888 እስከ 1892 ክፉ ቀን በሚል ስም የሚታወሰውን ረኀብ አየ። ዓለም የምግብን ፍላጎት የሚያጠፋ መድኃኒት ፍለጋ ጎዳናውን የጀመረችው፥ ሕዝባችን የሚበላው አጥቶ በሚያልቅበት ዘመን ዋዜማ ላይ መሆኑን ታሪክ ጸሐፊ ዝም ብሎ ሊያልፈው አይገባም።

የኤዴሌያኑ ብልቃጥ አርባ ዓመት ያህል ተረስቶ ከኖረ በኋላ ጎርደን አለስ የተባለ አሜሪካዊ ኬሚስት እንደ ገና ሠርቶ ኀይሉን በራሱ ገላ ላይ ፈተነው፤ ስሚዝ፥ ክላይንና ፍሬንች የሚባለው የመድኃኒት ኩባንያም ቤንዘድሪን በሚል ስም ሸጠው። የቦስተኑ የአእምሮ ሐኪም አብርሃም ማየርሰን ይህን ክኒን ልባቸው ለደከመ፥ ደስታ ለጠፋባቸው ሰዎች ማዘዝ ጀመረ፤ የዘመናችን የታሪክ ሊቃውንትም ለድብርት ተብሎ በሰፊው የተሰራጨ የመጀመሪያው የፋብሪካ መድኃኒት ይኸው ነው ይላሉ። ማየርሰን ከታከሙት ሰዎች ብዙዎቹ ምግብ እንደ ቀነሱ ስላየ፥ በ1938 ከባልደረባው ከማርክ ሌሰስ ጋራ ሆኖ ቤንዘድሪን ከመጠን ያለፈ ውፍረትን ለማከም እንደሚረዳ ጻፈ። እንግዲህ የሐዘን መድኃኒትና የረኀብ መድኃኒት የተጋቡት በመጀመሪያው ቀን፥ በአንድ ሐኪም እጅ፥ በአንድ ክኒን ውስጥ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የመጣው ሁሉ ይህን ጋብቻ ከጉዳቱ ለይቶ ለማደስ የተደረገ ሙከራ ነው ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1930 ቮልፌስ የተባለ ኬሚስት ካቲን የሚባለው የጫት ንጥረ ነገር ምን እንደ ሆነ በትክክል አውቆ፥ ከአምፌታሚን ጋራ የቅርብ ዘመድ መሆኑ እንዲታይ መንገድ ከፍቶ ነበረ።

በዚህ መካከል ጦርነት መጣ። የጀርመን ጦር ፐርቪቲን፥ የእንግሊዝ ጦር ቤንዘድሪን ለወታደሩ ሲያድል፥ እንቅልፍንና ረኀብን ፍርሃትንም በአንድ ላይ የሚያርቅ ክኒን የመንግሥት ስንቅ ሆነ። በእኛ በኩል ያለው ጦርነት ግን በሌላ ስንቅ የተደረገ ነበረ፤ በ1941 በየካቲትና በመጋቢት የእንግሊዛዊው የዊንጌት ጌዴዎን ጦርና የጎጃም አርበኞች ቡሬ ላይ የነበረውን የኢጣልያ ጦር ሲያስጨንቁና ኮሎኔል ናታሌ ቡሬን ለቅቆ ወደ ደብረ ማርቆስ ሲሸሽ፥ የአርበኛው ጉልበት በሶና ቆሎ፥ ዳቦ ቆሎም እንደ ነበረ የሚያውቁ አዛውንት በየመንደሩ ነበሩ። ያው የወረራ ዘመን ለአእምሮ ሕክምናም መነሻ ሆነ፤ በአዲስ አበባ የሚገኘው፥ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የሀገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ሆኖ የኖረው አማኑኤል መሠረቱ የተጣለው ያን ጊዜ ነው። ከቡሬ ወይም ከፍኖተ ሰላም ልቡ የታወከ ዘመድ ያለው ሰው ከጠበሉ ሌላ የሚያስብ ቢሆን፥ ዐባይን ተሻግሮ እስከዚያ መሄድ ነበረበት።

ከጦርነቱ በኋላ በአሜሪካ የሆነው እጅግ የሚያሳዝን ነው። የማቅጠኛ ሐኪም ነን የሚሉ ሰዎች አምፌታሚንን ብቻውን መስጠት ትተው፥ የእንቅርት ዕጢ ንጥረ ነገርን፥ ሽንት የሚያበዛውን፥ ሆድ የሚያስቀምጠውን፥ ለልብ ድካም የሚሰጠውን ዲጂታሊስን፥ ድንጋጤውንም ለማብረድ ባርቢቱሬትን ጨምረው፥ በየቀለሙ አስውበው በአንድ ከረጢት ይሸጡ ነበረ፤ በቀለማቸው ብዛትም የቀስተ ደመና ክኒኖች ተባሉ። ሰው ከገንዘቡ በላይ ሕይወቱን ከፈለበት፤ ሴቶች በድንገት በልብ እየሞቱ ሲገኙ፥ በ1968 የአሜሪካ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ነገሩን በይፋ መረመረ። በ1950 ለገበያ የወጣው ዴክሳሚል ደግሞ አነቃቂውንና አረጋጊውን በአንድ እንክብል አጣምሮ፥ ለከፋትም ለውፍረትም ይታዘዝ ነበረ። በዚያው ዘመን እውነተኛዎቹ የድብርት መድኃኒቶች ተገኙ፤ በሳንባ ነቀርሳ ታማሚዎች ላይ የተፈተነው ኢፕሮኒያዚድ ሕመምተኞቹን ደስ ሲያሰኛቸው ታየ፤ በ1957 ስዊዘርላንዳዊው ሮላንድ ኩን ኢሚፕራሚን የተከዘን ሰው እንደሚያነሣ አሳወቀ፤ በ1961ም አሚትሪፕቲሊን ተከተለ። እነዚህ መድኃኒቶች ግን የሚበሉትን ሰዎች የምግብ ፍላጎት የሚቀሰቅሱ፥ ክብደትንም የሚጨምሩ ሆኑ፤ ደግሞ እንደ ኢፕሮኒያዚድ ያለውን መድኃኒት የሚወስድ ሰው አምፌታሚን የመሰለ ነገር ቢጨምርበት የደሙ ግፊት በድንገት ተወርውሮ ሊገድለው እንደሚችል ታወቀ። ሐዘንን ያራቀው መድኃኒት ሲያወፍር፥ የውፍረቱ መድኃኒት ከእርሱ ጋራ ሲጣላ፥ የሐኪሙ ጭንቀት ከዚህ ጀመረ።

አሁን ወደ ጫት ቅጠል እንመለሳለን። በ1950ዎቹ መጨረሻ በጀርመን አምፌፕራሞን የተባለ የምግብ ፍላጎት የሚቀንስ መድኃኒት ተሠርቶ፥ በአሜሪካ ተኑዌት በሚል ስም ተሸጠ። ይህ መድኃኒት ከአምፌታሚን የሚለይበት አንዱ ነገር በአጥንቱ ላይ አንድ የኦክስጅን ቅንጣት የተተከለበት መሆኑ ነው፤ ያች ቅንጣት የተተከለችበት ቦታም በትኩስ ጫት ውስጥ ያለው ዋነኛ ንጥረ ነገር ያላት ቦታ ራስዋ ናት። ቀማሚዎቹ ግን ያን አላወቁም፤ ምክንያቱም ያ ንጥረ ነገር፥ ካቲኖን የተባለው፥ በተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፆች ላቦራቶሪ ከትኩስ ቅጠል ተለይቶ የታወቀው በ1975 ነው። ልጁ ከተሰየመ ከዐሥራ አምስት ዓመት በላይ ቆይቶ አባቱ እንደ ተገኘ ዐይነት ነገር ሆነ። አውሮፓውያኑ ለረጅም ጊዜ የሳቱበትም ምክንያት ግልጽ ነው፤ ካቲኖን ቅጠሉ ከተቈረጠ በኋላ በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ኀይሉ እየተለወጠ ወደ ደካማው ወደ ካቲን ስለሚመለስ፥ በመርከብ ደርቆ የደረሰላቸው ቅጠል ዋናውን ነገር ጥሎ የመጣ ነበረ። የአወዳይ ነጋዴ ግን ጫቱን በኮባ ቅጠል ሸፍኖ ሌሊቱን ወደ ጅቡቲና ወደ ድሬዳዋ የሚያስገሠግሠው ይህን ከላቦራቶሪው ቀድሞ ስለሚያውቅ ነው። ካቲንም ራሱ በጀርመን የውፍረት መድኃኒት ሆኖ ይሸጥ ነበረ። በ1986 ካቲኖን በዓለም አቀፉ የሥነ አእምሮ መድኃኒቶች ስምምነት ከመጀመሪያው፥ ካቲን ከሦስተኛው መዝገብ ገቡ፤ ቅጠሉ ግን አልገባም፤ የዓለም ጤና ድርጅት ጠበብትም በ2006 ጉዳዩን ዳግም መርምረው እንዲገባ አልመከሩም።

በዚህ ሁሉ መካከል ሁለተኛው የካቲኖን ዘር መጣ። ናሪማን መህታ የተባለ ኬሚስት በበሮውዝ ዌልከም ኩባንያ ውስጥ ሲሠራ በ1969 ቡፕሮፒዮንን አዋቀረ፤ ይህ መድኃኒት የአምፌፕራሞን የቅርብ ወንድም ሆኖ ሳለ ለውፍረት ሳይሆን ለድብርት ተዘጋጀ፤ የሚለየውም እንደ አሚትሪፕቲሊን ክብደትን ስለማይጨምር፥ ይልቁንም በአንዳንዱ ላይ ስለሚቀንስ ነው። በ1985 መጨረሻ በአሜሪካ ተፈቅዶ፥ ምግብ እየዋጡ መልሰው የሚያስመልሱ ሕመምተኞች በሚጥል በሽታ ሲወድቁበት ስለ ታየ በ1986 ከገበያ ወጣ፤ መጠኑ በቀን ከ450 ሚሊግራም እንዳያልፍ ተወስኖ በ1989 ተመለሰ። የአብሾ ነገር እዚህ ላይ ይታወሰኛል፤ መጠን አልፎ ሲገኝ መድኃኒቱ ራሱ መቅሠፍት ይሆናልና።

በ1992 በሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ ማይክል ዋይንትራውብ ያደረገው ጥናት ታተመ። 121 ወፍራም ሰዎችን በሁለት ከፍሎ፥ ለግማሾቹ ፌንተርሚንና ፌንፍሉራሚን የተባሉትን የማቅጠኛ መድኃኒቶች አጣምሮ ሰጣቸው፤ በ34 ሳምንት ውስጥ መድኃኒቱን የወሰዱት በአማካይ 14.2 ኪሎ ሲቀንሱ፥ ባዶ ክኒን የወሰዱት 4.6 ኪሎ ቀነሱ። ሁለት መድኃኒት በትንሽ በትንሽ መጠን ማጣመር ከአንዱ ብዙ መጠን ይሻላል የሚለው ሐሳብ በራሱ ስሕተት አልነበረም፤ ነገር ግን በጥቂት ሰዎች የተፈተነውን ነገር ነጋዴው ለአገር ሁሉ አዳረሰው፤ በ1996 በአሜሪካ ብቻ ከ18 ሚሊዮን በላይ ማዘዣ ተጻፈ። በ1997 የማዮ ክሊኒክ ሐኪሞች ድርቡን መድኃኒት የወሰዱ፥ ቀድሞ የልብ በሽታ ያልነበረባቸው 24 ሴቶች የልባቸው በር ክዳን ተበላሽቶ እንዳገኙ ጻፉ፤ በመስከረም ወርም ፌንፍሉራሚን ከገበያ ተነሣ። የሚያስቈጨው አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶ የነበረ መሆኑ ነው፤ በ1965 በስዊዘርላንድ፥ በጀርመንና በአውስትሪያ የተሸጠው አሚኖሬክስ የተባለው የማቅጠኛ ክኒን የሳንባን የደም ግፊት አንሥቶ ሰዎችን ገድሎ በ1968 ታግዶ ነበረና።

ፌንፍሉራሚን ሲወድቅ ብዙ ሐኪሞች ያላግባብ በባዶው ስፍራ ፍሉኦክሴቲንን፥ በዓለም ፕሮዛክ ተብሎ የታወቀውን የድብርት መድኃኒት አገቡት፤ ፌንተርሚንን ከእርሱ ጋራ አጣምረው ለውፍረት ያዝዙት ጀመር። ምክንያታቸው ሁለቱም በየብቻቸው የተፈቀዱ ናቸው የሚል ነበረ፤ ሁለት የተፈቀዱ ነገሮች ሲጣመሩ ግን ጥምረቱ ገና ያልተፈተነ አዲስ መድኃኒት መሆኑን ያለፈው ዓመት አስተምሮ ሳለ ይህን ማለታቸው ትምህርቱ ከጆሮ ያልዘለቀ መሆኑን ያሳያል። ፍሉኦክሴቲን በመጀመሪያዎቹ ወራት ክብደት ይቀንሳል፤ ከዚያ በኋላ የቀነሰው ይመለሳል። ሲቡትራሚንም እንዲሁ ለድብርት ታስቦ ተሠርቶ ለዚያ ሳይጠቅም ቀርቶ በ1997 ለውፍረት ተፈቀደ፤ ድንገተኛ የልብ ሕመምንና የአንጎል ምትን ማብዛቱ ስለ ታወቀም በ2010 ታገደ፤ ከታገደም በኋላ ከዕፅዋት ብቻ የተሠራ ነው ተብሎ በሚሸጥ የማቅጠኛ ሻይና ዱቄት ውስጥ ተሸሽጎ ብዙ ጊዜ ተገኝቷል፤ በአዲስ አበባ እንዲህ ያለ ሻይ ገዝቶ የሚጠጣ ሰው ይህን ሊያውቅ ይገባዋል። ሪሞናባንት የተባለው ደግሞ የምግብ ፍትወትን ሲያጠፋ ደስታን አብሮ አጠፋ፤ በ2006 በአውሮፓ ተፈቅዶ፥ ድብርትና ራስን የመግደል ሐሳብ ስላመጣ በ2008 ታገደ። በዚህ መድኃኒት ላይ፥ ጎረቤቱ እዝን ይዞ በመምጣቱ የመሰከረው ነገር፥ መብላትና መደሰት በአንድ ክር የተሰፉ መሆናቸው፥ በላቦራቶሪ ቋንቋ ተደግሞ ተነገረ።

የድብርትን መድኃኒት የያዘው፥ ለውፍረት በሕግ የታወቀው ድርብ ክኒን የመጣው በመስከረም 2014 ነው። ቡፕሮፒዮን በሚወስደው ሰው አንጎል ውስጥ ጠግቤያለሁ የሚሉ ሕዋሳትን ያነቃል፤ አንጎል ግን ራሱ በሚያመነጨው ከኦፒየም ጋራ በሚመሳሰል ንጥረ ነገር ያን ንቃት መልሶ ያፍነዋል። ሊቃውንቱ ይህን መታፈን ለመከልከል፥ ለአልኮልና ለኦፒየም ሱሰኞች የሚሰጠውን ናልትሬክሶንን ከቡፕሮፒዮን ጋራ አጣመሩት፤ በአሜሪካ ኮንትሬቭ፥ በ2015 በአውሮፓ ሚሲምባ ተባለ። ከ1,700 በላይ ሰዎች በተመረመሩበት ትልቅ ሙከራ፥ በ56 ሳምንት ድርቡን የወሰዱት ከክብደታቸው በመቶ 6.1፥ ባዶ ክኒን የወሰዱት በመቶ 1.3 ቀነሱ። ልዩነቱ እውነት ነው፤ ትንሽም ነው። በማሸጊያው ላይ ራስን ስለ ማጥፋት ሐሳብ የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ ታትሞበታል፤ የሚጥል በሽታ ላለበትም ተከልክሏል። የመጀመሪያው የካቲኖን ልጅ፥ አምፌፕራሞን፥ በልብና በሳንባ ላይ በሚያመጣው ጉዳት በ2022 በአውሮፓ መድኃኒት ባለሥልጣን ውሳኔ ከአውሮፓ ገበያ እንዲወጣ ተጠየቀ። አባቱ ግን በዚያው ዘመን በጎጃም ማሳ ላይ እየለመለመ ነበረ።

ጫት ከባሕር ዳር ዙሪያ ጀምሮ በመርዓዊ በኩል ወደ ምዕራብ ጎጃም ሲገባ፥ ገበሬው የተከለው ዋጋው ከበቆሎና ከዳጉሳ ስለሚበልጥ፥ መስኖ ካለም ዓመቱን ሙሉ ስለሚቈረጥ ነው፤ የቡሬንና የጃቢ ጠህናንን በርበሬ ያበቀለ ማሳ ለሌላ ነገር መዋል መጀመሩን አይቶ ልቡ ያልታወከ ሰው ያለ አይመስለኝም። ገዢውም በአንድ ሃይማኖት መወሰኑ ቀርቷል። ከቡሬ ተነሥቶ ዐባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምት የሚነዳ የጭነት መኪና ሾፌር እንቅልፍ እንዳይጥለው ይቅማል፤ የፈተና ሰሞን ተማሪው ይቅማል፤ የቀን ሠራተኛውም ምሳውን ዘልሎ ሥራውን እንዲጨርስ ይቅማል። በ2016 በተደረገው የሀገር አቀፍ የሕዝብና የጤና ጥናት በሕይወት ዘመናቸው ጫት ቅመው የሚያውቁ ወንዶች በመቶ 27፥ ሴቶች በመቶ 12 ነበሩ። ቀድሞም አታላይ ዓለምና ባልደረቦቹ በቡታጅራ ከ10,000 በላይ ሰዎች ጠይቀው በ1999 ባሳተሙት ጥናት፥ ከተጠየቁት ግማሾቹ በጊዜው የሚቅሙ ሆነው ተገኝተዋል። ቅጠሉ ምግብን እንደሚያስረሳ ቃሚው ሁሉ ያውቃል፤ በእንግሊዝ አገር የተደረገ ምርመራም በ2008 ትኩስ ጫት የረኀብን ስሜት እንደሚቀንስና የጥጋብን ስሜት እንደሚያበዛ በመለኪያ አረጋግጧል። ምርቃናው ሲበርድ ግን ደስታው ይሸሻል፤ ሌሊቱን ዱካክ ይመጣል፤ ዱካኩን ለመሸሽም በማግስቱ ይቃማል፥ ወይም ጨብሲ ተብሎ በጠጅና በአረቄ ይበርዳል።

በዚህ ላይ የአእምሮ ሕክምና ወደ ገጠር ወረደ። ከ1954 ጀምሮ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኰንኖችን እያሠለጠነ ወደ ጤና ጣቢያ በመላኩ የተጀመረው ሥራ፥ በ2012 በወጣው ሀገራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂና ከዓለም ጤና ድርጅት በመጣው መመሪያ ተስፋፍቶ፥ ዛሬ ድብርት ያለበት ሰው ከፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ሌላ በየወረዳው ጤና ጣቢያ መድኃኒት ሊያገኝ ይችላል። የሚያገኘው ግን ቡፕሮፒዮንን ወይም ድርቡን ክኒን ሳይሆን አሚትሪፕቲሊንን ወይም ፍሉኦክሴቲንን ነው፤ ከባድ ሕመም ያለበትም ክሎርፕሮማዚንን። አሚትሪፕቲሊንና ክሎርፕሮማዚን ረኀብ ይጨምራሉ። በአሜሪካ ይህ ረኀብ ወደ ውፍረት ያደርሳል፤ በዚያው በ2016 ጥናት ከሴቶች በመቶ 22 ከሲታ፥ በመቶ 8 ብቻ ከልክ በላይ ወፍራም በሆኑባት ኢትዮጵያ ግን፥ በጉራጌ በሶዶ ወረዳ የተደረገው ጥናት ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ከጎረቤቶቻቸው ይልቅ በምግብ እጦት የሚሠቃዩ መሆናቸውን ስላሳየ፥ መድኃኒቱ የሚያነሣው ረኀብ የሚያርፍበት እህል የለውም። እንዲህ ያለው ሰው ሁለት መንገድ ብቻ ይታየዋል፤ አንደኛው ያስርበኛል ብሎ መድኃኒቱን መተው ነው፤ ሁለተኛው ረኀቡንና መድኃኒቱ የሚያመጣውን መፍዘዝ በጫት ማብረድ ነው። ሁለተኛውን የመረጠ ሁሉ ማየርሰን በቦስተን፥ ከእርሱ በኋላ የመጡትም በአሜሪካ የሞከሩትን ጋብቻ፥ ያለ ሐኪም፥ ያለ መጠን፥ ያለ መዝገብ በራሱ ገላ ላይ ይሞክራል፤ አሚትሪፕቲሊንም ካቲኖንም ልብን የሚያፈጥኑ ስለ ሆኑ የሚከፍለው ልቡ ነው።

ጤና ባለሙያውም ይህን አያይም፤ ታማሚው አይነግረውምና። ክርስቲያን ሆኖ ጫት መቃም ነውር ነው፥ ንስሓ አባትም ይቈጣል፥ እናትም ታፍራለች፤ ጠበል እየተጠመቀ ያለ ሰውማ ክኒኑንም ጫቱንም ይሸሽጋል። ቤተ ክርስቲያን ከሱስ መጠበቅን ማስተማርዋ ትክክል ነው፤ የምቃወመው ያ ትምህርት በጤና ጣቢያው ክፍል ውስጥ የአፍ ማዘጊያ መሆኑን ነው። አንድ የጤና መኰንን ፊቱን ሳያጠቍር፥ ድምፁንም ሳይለውጥ፥ ትቅማለህ ወይ፥ በቀን ስንት ጊዜ፥ ትኩስ ነው የደረቀ፥ ከዚያስ ምን ትጠጣለህ ብሎ ቢጠይቅና ቢመለስለት፥ የሚሠራው ሥራ ይለወጣል፤ የልቡን ምት ቈጥሮ የደሙን ግፊት ይለካል፤ ወድቆ የሚያውቅ እንደ ሆነ ይጠይቃል፤ አሚትሪፕቲሊኑን ለመኝታ ሰዓት በትንሽ መጠን ጀምሮ ያዝዝለታል፥ ወይም በፍሉኦክሴቲን ይለውጠዋል፤ ክብደቱን በየቀጠሮው በካርዱ ላይ ይጽፋል፤ በቤት የሚበላ መኖሩንም ከቤተሰቡ ይጠይቃል፤ ከሌለም ከወረዳው የሴፍቲኔት መዝገብ ጋራ የሚያገናኘውን ሰው ስም ይሰጠዋል።